አምባዛው ጾም አያውቅም

ጥር 20

የተማሪዎቹን ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ለአባባ ሻይ አፈላሁ። እዚያው ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ የዓሣው ገንዳ ፊት ለፊት። እማዬ ባለፈው ሐምሌ ከሞተች ወዲህ ከዚያ ወንበር የሚነሱት ለመጸዳጃና ለመኝታ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቀረ። የእማዬን ቀይ ዓሦች ያያሉ፣ ይኸው ነው ሥራቸው። ከአዲስ አበባ ያስመጣቻቸው እሷ ናት፤ ለእያንዳንዳቸው ስም አውጥታላቸው ነበር።

ደብረ ብርሃን ያለው ትምህርት ቤት ዛሬም ደወለ። "ከፋሲካ በኋላ መጀመር ትችያለሽ?" ላስብበት አልኩ። ምኑን ነው የማስበው? መሄድ እፈልጋለሁ። ከመሐል ሜዳ መውጣት በጣም እፈልጋለሁ። ግን እንዲህ የተቀመጠ ሰው ጥሎ የት ይኬዳል?

ጥር 27

ገንዳው ውስጥ ያለው ባለ ጢሙ ዓሣ፣ አምባዛው፣ ከስንዝር አለፈ። ወንድሜ ስንታየሁ ለመስቀል ከመርሐቤቴ በላስቲክ ጠርሙስ ይዞት ሲመጣ ጣቴን አያክልም ነበር። "ከጀማ ወንዝ ነው። ቅርፊት ስለሌለው ሰው አይበላውም። ለአባባ መጫወቻ ይሁን" ብሎ ጥሎብኝ ሄደ። መጫወቻ! የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ አምባዛ አድጎ ምን እንደሚበላ አላውቅም ነበር ልበል?

በየቀኑ ሥጋ ከከተፍኩለት ትንንሾቹን ቀይ ዓሦች አይነካም። ሲጠግብ ድንጋዩ ሥር ገብቶ ጢሙን ያወዛውዛል። ሲርበው ይዞራል... ይዞራል... እኔም እንደሱ ሆኛለሁ። ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓዳ።

የካቲት 16

ቅበላ። ነገ ሁዳዴ ይገባል፣ ሥጋ ቤቶቹም ይዘጋሉ። ተጋፍቼ ገዛሁ። ባለ ሥጋ ቤቱ "የኔ እህት፣ ይሄን ሁሉ ዛሬ ማታ ልትጨርሺው ነው?" ሲለኝ ሰልፈኛው በሙሉ ሳቀ። ለዓሣ ነው ብል ማን ያምነኛል? ቤት ገብቼ ከተፍኩና ማቀዝቀዣው ውስጥ ከተትኩት። ሁዳዴን እንወጣዋለን።

የካቲት 24

አልወጣነውም። ጎረቤታችን እትዬ አዛለች የስኳር መርፌያቸውን የሚያስቀምጡት እኛ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ዛሬ ሊወስዱ መጥተው ላስቲኩን አዩት።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ሥጋ ነው እትዬ። የዓሣው ነው።"

"እ... የዓሣው" አሉ። አባባላቸው! ሳይመሽ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። እነ ተክለጻድቅ ቤት በሁዳዴ ሥጋ ይበላል ተባለ፤ የአባባ ስም ጎደፈ።

የካቲት 27

አባ ገብረ ክርስቶስ፣ የንስሐ አባታችን፣ መጡ። ጠበል ረጩን። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ባትበዪውም እንኳ... ለሰው መሰናክል መሆን ጥሩ አይደለም።" ወስጄ አምባዛውን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት። "ይኼማ ቅርፊት የለውም" አሉ። ልብላው አልኩ እንዴ!

አባባ አንገታቸውን ደፉ። በገዛ ቤታቸው በኔ ምክንያት አንገት ደፉ። ያ ነው ያንገበገበኝ። አባ እንደወጡ ሥጋውን ሰብስቤ ለውሻ ጣልኩት። አገር የሚጾመውን አንተም ጹም አልኩት፣ መስታወቱን እያንኳኳሁ። በሶ ፈርፍሬ ጨመርኩለት። አሸተተና ተወው።

መጋቢት 2

የትንንሾቹን መኖ ጠራርጎ ይውጣል፤ አይጠግብም። ቀኑን ሙሉ መዞር ነው። ከቀዮቹ አንዷ የለችም።

መጋቢት 5

ሌሎቹም እየጠፉ ነው። ለብቻ በባልዲ ላወጣቸው አሰብኩ... የውኃ ማሞቂያው አንድ ብቻ ነው፣ በዚህ ብርድ እነሱም አምባዛውም ውጭ አያድሩም። አባባ አይተው ይሆን? ቀኑን ሙሉ እዚያ ተቀምጠው እንዴት አያዩም!

ስንታየሁ ጋ ደወልኩ። ና ውሰድልኝ አልኩት። "ከፋሲካ በፊት ፈቃድ አላገኝም እህቴ፣ ትንሽ ታገሺ።" ታገሺ... ሁሉም የሚያውቀው ይቺን ቃል ብቻ ነው። ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

መጋቢት 8

ሙሽሪት ብቻ ቀረች። ጅራቷ ነጭ የሆነው፣ እማዬ አብልጣ የምትወዳት። ጥግ ይዛ ቆማለች። እሷ ከሄደች አባባ ምን ያያሉ? ምን ሊያቆማቸው ነው? ክፍል ውስጥ ሳስተምር እንኳ ሐሳቤ እሷ ጋ ነው።

መጋቢት 9

ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ ቆመዋል። ገንዳው ላይ እጃቸውን አድርገው፣ ቆመው!

"በላት" አሉ።

አሁን ይወድቃሉ ብዬ ልይዛቸው ሮጥኩ። አልወደቁም። እኔ ነኝ የወደቅኩት ማለት ይቻላል፤ መሬት ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። አውጥቼ እጥለዋለሁ፣ እገድለዋለሁ፣ የእማዬን ዓሦች ጨረሰ... ያልሆንኩት የለም። ሰሙኝና፣

"አስራብሽው እኮ" አሉ። "እናትሽ በነበረች ጊዜ እዚህ ቤት ሳይበላ ያደረ እንስሳ ነበረ? ለሰው አፍ ብለሽ አስራብሽው።"

ከሐምሌ ወዲህ ይህን ያህል ሲናገሩ አልሰማሁም። እውነታቸውን ነው። አፈርኩ።

"ዶማው የት ነው?"

"የምን ዶማ?"

"ትል ላወጣለት።"

ግድግዳ ይዘው፣ በር ይዘው፣ ጓሮ ወጡ። ቧንቧው ሥር ያለውን እርጥብ መሬት ቆፈሩ። አፌን ከፍቼ አያለሁ። የተቆፈረው ሁሉ ትል ነው! የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ ባይዋ እኔ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም።

መጋቢት 10

ስነቃ ቀድመውኝ ጓሮ ናቸው።

መጋቢት 22

እትዬ አዛለች በአጥር በኩል አዩዋቸው። "ጋሼ ተክለጻድቅ! ተነሱ እንዴ? ምን ሊዘሩ ነው?"

"ትል ነው የምለቅመው፣ ለዓሣው። ያ ሥጋም የሱ ነበር" አሉ አባባ፣ ቀና ሳይሉ።

እትዬ ከሰዓት በኋላ በጣሳ ትል ይዘው መጡ። ይቅርታ አላሉም፣ ጣሳውን ብቻ ሰጡኝ። ይበቃል። ተቀበልኩ።

አባባ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ ብለዋል። አምባዛው ደግሞ ክንድ ሊያክል ነው፤ ሲዞር ጅራቱ መስታወቱን ይመታል። ደብረ ብርሃን ደውሎ ነበር። አላነሳሁም።

ሚያዝያ 3

ጠዋት ሳሎን ስገባ የገንዳው ክዳን መሬት ላይ ነው። አምባዛው ጠረጴዛው ሥር... አቧራ ለብሶ፣ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሕያው ነው። አምባዛ አየር ይስባል፤ ሌላ ዓሣ ቢሆን ይሄኔ አልቆለታል።

በሩን ዘግቼ ብወጣስ? ራሱ ወጥቶ ሞተ እላለሁ። እገላገላለሁ። ይህን አሰብኩ፣ አልዋሽም። ከዚያ ዓይኔ ወንበሩ ላይ አረፈ። ባዶ ነው። ጓሮ የዶማው ድምፅ ይሰማኛል። ይሄ ዓሣ ከሞተ ተመልሰው ይቀመጡበታል።

በነጠላዬ አፈስኩት። በጅራቱ ፊቴን አጮለኝ። እንዴት ይከብዳል! ገንዳው ውስጥ ስጥለው አባባ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም።

"ጠቦታል" አሉ። "ወደ አገሩ ይሂድ።"

እርስዎስ ያኔ ምን ይሆናሉ? አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት።

ሚያዝያ 14

ስንታየሁ ፋሲካ እንዳለፈ ፈቃድ አግኝቶ በሰው ፒካፕ መጣ። በርሜል ውኃ ሞልተን አምባዛውን ጫንነው። አባባ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

"እኔም እሄዳለሁ።"

"እዚያ ድረስ? መንገዱ እኮ..."

"ሲበላ ሲጠጣ ያየሁት እኔ ነኝ፣ እኔው ልሸኘው" አሉና ጋቢና ገቡ። ቁልቁለቱን እስኪሰወሩ ቆሜ አየሁ። ቤቱ ጭር አለ። ምን እንደምሠራ ጠፋኝ።

ሚያዝያ 16

አባባ በስንታየሁ ስልክ ደወሉ። "ለቀቅነው። ዞሮም አላየን!" ብለው ሳቁ። ሳቃቸውን ረስቼው ነበር።

"መቼ ይመለሳሉ?"

"የዚህ አገር ሙቀት ለጉልበቴ ደግ ነው። ከወንድምሽ ጋር ልሰንብት። አንቺም ደብረ ብርሃን ሂጂ።"

"ማን ነገረዎት?"

"በየጊዜው ስልክ ስታወሪ እሰማሽ የለ? ዝም ስል ጆሮዬም የተዘጋ መሰለሽ?"

ስልኩን ከጆሮዬ አውርጄ ፊቴን በነጠላዬ ጠረግኩ። "ሄሎ... ሄሎ..." ይላሉ።

ሚያዝያ 17

ጠዋት ነቅቼ ዶማ ይዤ ጓሮ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ለማን ነው የምቆፍረው? በራሴ ሳቅኩ። ገብቼ የአባባ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ውኃው ጥርት ብሏል፣ ምንም የለበትም። ተመችቶኝ ብዙ ተቀመጥኩ። መነሳት አስጠላኝ... ያኔ ፈራሁ። ብድግ አልኩ።

ማሞቂያው እስካሁን እየሠራ ነበር። ነቀልኩት። ደብረ ብርሃን ደወልኩ።