ዳንኪራን ሳይፈቱ ያረፉት አባታችን

አባታችን ከሹፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከገበያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ቤት ተወለዱ። ትምህርታቸውን ጨርሰው በሃያ ሦስት ዓመታቸው መዝገበ ቃላት በሚያዘጋጅ ቢሮ ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያ ወንበር አልተነሡም። ባልደረቦቻቸው "አባ ካርድ" ይሏቸው ነበር። ቃሉን ከአፉ የማይለየውን ሰው ሳይጠይቁ የአንድም ቃል ፍቺ የሚጻፍበትን ካርድ አይዘጉም፤ ግንበኛ፣ ሽንኩርት ቸርቻሪ፣ የአውቶቡስ ተሳፋሪ አይቀራቸውም። ተሳፋሪው ፌርማታው አልፎት ሲቆጣ እሳቸው ገና ይጽፋሉ።

በሠላሳ ዓመታቸው የገጠር ልጅ የሆኑትን እናታችንን አግብተው እኛን ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ሥራው "ደ" ላይ ሲደርስ ዳንኪራ መጣ። የከተማ ሰው ቃሉን ለወቀሳ ነው የሚያነሣው፤ እኛ ስናለቅስ እነሱ ዳንኪራ ይመታሉ ይላል። አባታችንም ለጊዜው በእርሳስ "የሰካራም ጭፈራ" ብለው ጻፉ። እናታችን ይህን ሲሰሙ ተቀየሙ። በእሳቸው አገር ዳንኪራ እህል ተወቅቶ ሲያበቃ ሽማግሌ ሳይቀር አውድማ ላይ የሚረግጠው ነው፤ አረጋገጡም ልክ አለው። ተነሥተው ሊያሳዩዋቸው ሲሉ አባታችን "አንቺ የት ትሄጃለሽ፣ ጡረታ ስወጣ ታሳዪኛለሽ" ብለው አስቀመጧቸው።

ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ወር እናታችንን ስትሮክ መታቸው፤ ቀኝ ጎናቸውና አንደበታቸው ተያዘ። አባታችን ሦስት ዓመት ሙሉ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው የአረጋገጡን ልክ ለማግኘት ጠረጴዛ እየመቱ "እንዲህ ነው? ወይስ እንዲህ?" ሲሉ ኖሩ። እናታችን ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ አዎ ማለታቸው ይሁን ድካም አናውቅም። አባታችን ወደ እናታችን መንደርም ሁለት ጊዜ ሄዱ። አዛውንቶቹ አልቀዋል፤ ወጣቶቹ የሚጨፍሩት በቴፕ ነው።

እናታችን ሲያርፉ አባታችን ተስፋ ቆረጡ፤ ራሳቸውንም ይቅር አላሉም። መጽሐፉ ሊታተም ሲል የቃሉ ቦታ ባዶ እንዲተውላቸው ቢሮው ደጅ ጠኑ። አለቃው አዝነው፣ ባዶ ቦታ አይታተምም አሏቸው። በእርሳስ የተጻፈው እንዳለ ወጣ።

አባታችን በኩላሊት ሕመም አራት ወር በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በስድሳ ስድስት ዓመታቸው አረፉ። ሦስት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተዋል። ከመካከላችን ዳንኪራ ሲረገጥ ያየ የለም፤ እኛም ብንሆን እናታችንን ጠይቀን አናውቅም። አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበልልን፤ ከእናታችንም ያገናኛቸው። ያኔ ግን አባታችን ለነገ አይበሉ።