ኮከባችሁ አይገጥምም ላሉኝ አባቴ

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ድንበሩ ወልደየስ፣ ቡልጋ።

አባቴ ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ብርድ ሲነካው የሚያስነክስዎ ጉልበትዎ ዘንድሮስ ራራልዎ ወይ? እናቴስ እንዴት ናት? እህቴ ዘርፉ ከነልጆቿ ደኅና ናት? ላሟስ ወለደች? በሬያችን ቡሬስ አሁንም የጎረቤት አጥር እየዘለለ ያጣላችኋል? እኔ ልጅዎ ከናፍቆታችሁና ከአዳማ አቧራ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም፤ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው። የዚህ አገር ነፋስ ጉድ ነው፤ ጠዋት የታጠበ ሰው ለምሳ ሲቀመጥ ዱቄት ሲፈጭ የዋለ ይመስላል።

ይህን ደብዳቤ የሚያነቡልዎ መሪጌታ ላቀው እንደሆኑ ዐውቃለሁ። መሪጌታ፣ እርስዎም እንደምን ሰነበቱ? ነገሬ እርስዎ ዘንድም ይደርሳልና፣ ቅር ቢልዎት እንኳ አንድ መስመር ሳይዘሉ ያንብቡልኝ፤ አደራ።

አባቴ፣ ከገና በኋላ የላኩልኝ ቃል ደርሶኛል። እኔ ዲንቄን ላገባ ነውና ሽማግሌ ይላኩልኝ ብዬ ለመንሁ፤ እርስዎ ደግሞ ስማችንን ለመሪጌታ ሰጥተው አስቆጠሩ። «ኮከባችሁ አይገጥምም፤ አንተ እሳት እሷ ውሃ ናችሁ፤ ዓመት ሳይሞላ አንዳችሁ አንዳችሁን ታጠፋላችሁ፤ ልጄን ለሞት አልድርም» ብለው መለሱልኝ። ለእኔው ብለው እንደሆነ አልጠፋኝም። ግን እውነቱን ልንገርዎ፣ አንጀቴ ነው የተቆረጠው። ያን ሰሞን በባቡር ጣቢያው ብረት ቤት ስሠራ መዶሻዬ ከብረቱ ይልቅ ጣቴን ሲመታ ሰነበተ።

ዲንቄ ማለት ባቡር በቆመ ቁጥር ለመንገደኛ ወተት የምትሸጠው የኦቦ ወዬሳ ልጅ ናት። ኦቦ ወዬሳ አዋሽ ዳር ከብት የሚያረቡ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው ናቸው። የእርስዎን መልስ ለዲንቄ ብነግራት፣ «አባትህ እኔን ሳያዩ ኮከቤን አይተው ጠሉኝ?» አለችና ቅሏን አንሥታ ጥላኝ ሄደች። እሷስ ወዲያው ታረቀችኝ፣ አመሏ እንዲያ ነው፤ አባቷ ግን አልተበገሩም። ማልጄ ቤታቸው ሄጄ «አካም ቡልተኒ» ብላቸው ሰላምታዬን በወጉ ተቀበሉና፣ ልጃቸውን ከመንገድ እንዳላነሷት፣ የአባቴ ሽማግሌ ደጃቸውን ካልረገጠ ከእኔ ጋር ነገር እንደሌላቸው፣ ከሞጆም ሌላ ጠያቂ እንደመጣ ነገሩኝ። እስከ ዳግማ ትንሣኤ ልጠብቅህ አሉ። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ ወይ የእርስዎ ሽማግሌ ይመጣል፣ ወይ ዲንቄ ሞጆ ትገባለች።

አሁን ስለ አንዲት የሰማይ ኮከብ ላጫውትዎ ነው። «ይኸ ልጅ ደግሞ ነገር ሊያዞር ጀመረ» አይበሉኝ፤ ነገርን ነገር ያነሣዋል፣ ዞሬ እዚያው እመጣለሁ።

እዚህ የባቡሩን ድልድዮች የሚያይ ሙሴ ግራንዤ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ አለ። ጠባዩ የግመል ነው፤ ሲጭኑት ይጮኻል፣ ግን ይሸከማል። ከአገሩ የሩቅ ማያ መነጽር አምጥቶ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ከጣቢያው ጀርባ ሜዳ ላይ ተክሎ ሰማይ ሲያይ ያመሻል። ልክ የእርስዎ ቃል በደረሰኝ ሰሞን ከአገሩ የመጣለትን ጋዜጣ ይዞ እየሮጠ ብረት ቤት ገባ። በአሜሪካ አገር በአንድ ተራራ ላይ ያሉ ሊቃውንት በትልቅ መነጽር አፍ ላይ ረጅም ብረት አጋድመው፣ በብረቱ ጫፍና ጫፍ መስተዋት አቁመው፣ ለዓይን አንድ የምትመስል ኮከብ ሁለት መሆኗን አወቁ አለኝ። ኮከቢቱ በሰሜን በኩል የምታበራው ወርቃማዋ ናት፤ ፈረንጆች ካፔላ ይሏታል፣ ትንሿ ፍየል ማለት ነው አሉ። የሰማይ ፍየል ማን ይጠብቃት ይሆን! «እኛም እንሥራው፤ ብረቱን አንተ፣ መስተዋቱን እኔ» አለኝ። እኔም ከንዴቴ የሚያስረሳኝ ሥራ ስፈልግ ነበርና እሺ አልሁት።

ብልሃቱ እንዲህ ነው። የኮከቢቱ ብርሃን በብረቱ ጫፍና ጫፍ ባሉት መስተዋቶች ላይ ያርፍና፣ በሌሎች ሁለት መስተዋቶች ተመልሶ በአንዱ መነጽር ውስጥ ይገናኛል። ሁለቱ ብርሃን እኩል መንገድ ሄደው ከተገናኙ፣ በኮከቢቱ መልክ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ቀጫጭን የጥቁርና የነጭ መስመር ይታያል። ኮከቢቱ አንድ ከሆነች መስተዋቶቹን ብናራርቃቸውም መስመሩ አይጠፋም። ተጠጋግተው የሚኖሩ ሁለት ከሆኑ ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መስመር ያመጣሉ፤ መስተዋቶቹን እያራራቅን ስንሄድ የአንዷ ነጭ በሌላዋ ጥቁር ላይ ያርፍና ሁሉም ጥርግ ብሎ ይጠፋል። ያን ጊዜ መስተዋቶቹ ምን ያህል እንደተራራቁ ለክቶ፣ ኮከቦቹ ምን ያህል እንደተቀራረቡ ማወቅ ይቻላል። መጀመሪያ ሙሴ የሚቀልድብኝ መስሎኝ ነበር። የሚጠፋ ነገር አይቶ ማወቅ ምን ዓይነት ዕውቀት ነው?

ከአሮጌ ፉርጎ ቀጭን ብረት ቆርጬ ከሰው ቁመት ጥቂት የሚበልጥ አግዳሚ ሠራሁ። መስተዋቶቹ የሚቀመጡባቸውን የእንጨት ሳጥኖች ከብረቱ ጋር በብሎን እሰራቸው አለኝ ሙሴ። እኔ የእርስዎ ልጅ፣ ሞፈርና ቀንበር በጠፍር ሲታሰር እያየሁ ያደግሁ፣ ብሎን ምን ያደርግልኛል! ከአራጆች ርጥብ ቆዳ ገዝቼ፣ ጠፍር ተልትዬ ጥፍር አድርጌ አሰርሁት። ጠፍር ሲደርቅ እንደሚጠብቅ የማያውቅ ገበሬ የለም። ሙሴ ግን አያውቅምና ጎተት ጎተት አድርጎ አይቶ፣ ከብሎን ይበልጣል ብሎ አመሰገነኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

በመጀመሪያው ምሽት መስተዋቶቹን አቀራርበን ብናይ መስመሩ ጥርት ብሎ ታየ። በማግስቱ አራርቄ በሌላ ርጥብ ጠፍር አሰርኋቸውና ሲመሽ ብናይ፣ መስመሩ ድራሹ የለም! ሙሴ ባርኔጣውን ወደ ላይ ወረወረ፤ ነፋሱም ይዞት ሄደ፣ እስከ ዛሬ አልተገኘም። «ሁለት ናት! ሁለት ናት!» እያልን ጣቢያውን አናወጥነው። የወሎው ጨርቅ ነጋዴ ሀሰን ጩኸታችንን ሰምቶ፣ ሰው የሞተ መስሎት ሱቁን ዘግቶ መጣ። ነገሩን ስንነግረው ሳቀና፣ «እንግዲያው ሱሃይልንም እዩልኝ» አለ። ሱሃይል በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ የምታበራ ነጭ ኮከብ ናት፤ የግመል ነጋዴዎች መንገድ ያዩባታል።

ሱሃይል አንድ ብቻዋን መሆኗን ሙሴ ከመጽሐፉ ያውቃል፤ መስመሯ ሊጠፋ አይገባም። መነጽሩን ብናዞርባት ግን የሷም መስመር የለም! ሙሴ ፊቱ ተለወጠ። የሰማይ ኮከብ ሁሉ መንታ ሊሆን አይችልም፤ የታመመው ብረታችን ነው አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኛ ነን።

ሲነጋ ብፈትሽ ጥፋቱ የኔው ጠፍር ሆኖ ተገኘ። የአዳማ ፀሐይና ነፋስ ሲያደርቀው፣ እየጠበቀ እየጠበቀ ሄዶ አንዱን ሳጥን ዓይን በማያየው ያህል ስቦታል። ስለዚህ የአንደኛው ወገን ብርሃን ከሌላው ከፀጉር ውፍረት ባነሰ ዘግይቶ ይደርሳል፤ መስመሩን ለማጥፋት ይኸ ይበቃል። ሞፈር ቢሆን ማን ጉዳዬ ይለው ነበር! ሙሴ በፈረንሳይኛ ብዙ ሰደበኝ፤ ትርጉሙን ስለማላውቅ አልተቀየምሁትም። ጠፍሩን ቆርጬ ጣልሁና በብሎን አሰርሁት።

ከዚያ ወዲህ ሙሴ ሕግ አወጣ። ከእንግዲህ መጀመሪያ መልሷን የምናውቃትን ሱሃይልን እናያለን፤ የሷ መስመር ከታየ መሣሪያው እውነተኛ ነው፤ የማናውቀውን የምንጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲሁ አደረግን። የሱሃይል መስመር ጥርት ብሎ ታየ። ወደ ካፔላ ብናዞር ጠፋ። ብረቱን ከአግድም ወደ ቁመት ብናዞረው መስመሩ ተመልሶ መጣ፤ ሁለቱ ኮከቦች ጎን ለጎን የቆሙት በአግድሙ ወገን ብቻ ስለሆነ ነው አለኝ ሙሴ። አባቴ፣ በዚህ በዓይኔ አየሁት! አንዷ በሌላዋ ዙሪያ ስትዞር ዘመናቸውን ይኖራሉ፤ አንዷም ሌላዋን አላጠፋቻትም። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገርዎ፣ ልቤ ጮቤ ረገጠች።

«ስለዚህ የመሪጌታ ቁጥር ውሸት ነው» ልልዎ አይደለም። የሰማዩ ኮከብ ሌላ፣ የስም ኮከብ ሌላ መሆኑን እኔም አልስተውም። እኔን እህል ያስረሳኝ የሙሴ ሕግ ነው። መሣሪያ እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው መልሱን በሚያውቁት ነገር ሲሞክሩት ከሆነ፣ የመሪጌታን ቁጥር በምን ሞክረነዋል?

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። እዚያ ዋርካ ሥር የሚቀመጡ አንድ የተከበሩ ኮከብ ቆጣሪ አሉ፤ ከመሪጌታ ጋር በአንድ መምህር እግር ሥር የተማሩ፣ ቁጥራቸውም ያው የመሪጌታ ቁጥር ነው። የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት የክርስትና ስም ከነእናቶቻቸው ስም ሰጠኋቸውና፣ እነዚህ ሰዎች ቢጋቡ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅሁ። ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። ራሳቸውንም ነቀነቁ። ወንዱ እሳት፣ ሴቲቱ ነፋስ ናት አሉ፤ ጎጇቸው ዓመት አይዘልቅም፣ ልጅም አይቆምላቸውም። «ወንድምህ ከሆነ ንገረው፤ ሳይመሽበት ይተዋት» ብለው መከሩኝ።

አባቴ፣ የሰጠኋቸው ስም የእርስዎንና የእናቴን ነው።

እናቴ እንደነገረችን፣ እናንተ የተጋባችሁት ክፉ ቀን ባለፈ ማግስት ነው። ከብቱ አልቆ፣ ሰው ተበትኖ፣ እንኳን ኮከብ የሚቆጥር የሞተ የሚቀብር የታጣበት ዘመን ነበር። እርስዎ ዶማ ይዘው፣ እሷ በመቀነቷ የቋጠረችውን ዘር ይዛ ተገናኛችሁ። በሬ ስላልነበረ መሬቱን በእጃችሁ ቆፈራችሁት። ማንም ስማችሁን አልቆጠረም። ይኸው አርባ ዓመት ሊሞላችሁ ነው፤ አይቆሙም ከተባሉትም ልጆች አንዱ ይህን ደብዳቤ እየጻፈልዎ ነው። መሪጌታ፣ አይቆጡኝ፤ ከተጠራጠሩ ራስዎ ይቁጠሩት፣ የሁለቱንም ስም ከእኔ የበለጠ ያውቁታል።

አባቴ፣ ያለ ምርቃትዎ ጎጆ አልወጣም፤ ይህን አይጠራጠሩ። ግን እንደማይከለክሉኝ ልቤ ይነግረኛል። ሁዳዴ ሳይገባ ሽማግሌዎቹን ያስነሡልኝ፤ ማረፊያቸውን አሰናድቻለሁ፣ ለበቅሎዎቹም የሚበሉት ገፈራ ሞልቷል። ጉልበትዎ ከፈቀደልዎ እርስዎም አብረው ይምጡና ዲንቄን ራሷን ይዩልኝ። እንደ እናቴ ነገር አትችልም፣ እንደ እናቴም ቂም አትይዝም።

እህቴን ዘርፉን በብዙ ናፍቆት ሳሙልኝ፤ ለልጆቿ ከሀሰን ሱቅ ያማረ ጨርቅ ገዝቻለሁና ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ይይዙላታል። የክርስትና አባቴን እጅ እንደነሣሁ ይንገሩልኝ። ሀሰን ሳያውቅዎ «አባትህን ሰላም በልልኝ» ብሎኛል። መሪጌታ፣ እስከዚህ ሳይዘሉ ካነበቡልኝ እግዜር ያክብርልኝ፤ ሠርጉን ያለ እርስዎ ቡራኬ አላስበውም።

እናቴ አበዛሽ ሆይ፣ አንቺን በመጨረሻ ያነሣሁሽ ፍርዱ ያንቺ ስለሆነ ነው። ከአባቴ ጋር የኖርሽውን ኑሮ፣ ክፉውንም ደጉንም፣ ቁጭ ብለሽ አስቢው። አስበሽም «ልጄ፣ ያ ቆጣሪ እውነቱን ነው፤ ይህን ሰው ባላገባሁት ይሻለኝ ነበር» ካልሽኝ፣ በአንቺ እምላለሁ፣ ዲንቄ ሞጆ ስትገባ ቆሜ አያታለሁ።

ልጃችሁ ሰንበታ ድንበሩ
አዳማ፣ ባቡር ጣቢያ፣ የካቲት ፲፯ ቀን ፲፱፻፳፬ ዓ.ም.