ውሃ ላይ ያደረችው ታንኳ

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለሱሌማን፤

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላህ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ያ ወገብህን ያምህ የነበረውስ ተወህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ሐይቁም ደህና ነው፤ ደህና ያልሆንሁት እኔ ብቻ ነኝ። በወረቀት የምጽፍልህ፣ ስደውልልህ ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ «ሥራ ላይ ነኝ» እያልህ ስለምትዘጋብኝ ነው። ወደዚያ ለሚወርድ ሾፌር ሰጥቼልሃለሁና ይህን እንኳ እስከ መጨረሻው ስማኝ።

የላክሁልሽን ላፕቶፕ ምን ሠራሽበት ብለህ ነበር። በኢንተርኔት አንድ በጀልባ ዓሣ የሚጠመድበት ጌም አለ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ከየአገሩ ያለ ሰው በነፃ ይሠራበታል። አንዱ ኮድ ይጽፋል፣ ሌላው ይሥላል፣ የቆዩት ሰዎች ደግሞ የተላከውን መርምረው ወይ ያስገቡታል ወይ ይመልሱታል። የስንቱ አገር ጀልባ ሲኖርበት የእኛ የደንገል ታንኳ አልነበረችበትም። ክረምቱን ሙሉ ተቀምጬ ሠራኋት። አስተሳሰሩን አባባን እየጠየቅሁ ደንገሉን ሣልሁ። ኮዱንም እኔው ጻፍሁ፤ ውሃ ላይ በቆየች ቁጥር ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ትከብዳለች፣ አውጥተህ ለፀሐይ ስታቆማት ደርቃ ትቀላለች። አባባ ሲያዩዋት «ይቺማ የእኔ ናት» አሉ። ከዚያ ወዲህ ታንኳቸው ዓለምን ልትዞር እንደሆነ ያልነገሩት ጎረቤት የለም።

ለሙከራ ወጣች። ተጫዋቾቹ ዓሣቸውን ሸጠው ሲያበቁ ታንኳዋን ውሃ ላይ ጥለዋት ሄዱ! በማግስቱ ሲመለሱ ሰምጣለች። የስሞታ መዓት ወረደብኝ። የሚመረምረው ሰውዬም «ጀልባዋ ያለ ምክንያት ትሰምጣለች» ብሎ መለሳት። ምክንያቱን ባስረዳው፣ ተጫዋቹ ይህን ከየት ያውቃል አለኝ። ደሜ ፈላ። ታንኳ ውሃ ላይ እንደማታድር ለሰው ይነገራል እንዴ? ኋላ ስበርድ ግን እውነቱን እንደሆነ ገባኝ፤ አንዲት የማስጠንቀቂያ መስመር አልጻፍሁም። እኛ ቤት ያደገ ሰው ይህ ይጻፋል ብሎ መች ያስባል! መክበዷን አውጪው ቢለኝ ግን እምቢ አልሁ። መክበዷ ከወጣማ ታንኳ መሆኗ ምኑ ላይ ነው? ልፋ ያለው በሕልሙ ሲሸከም ያድራል፤ እንደገና ጀመርሁ።

ታንኳዋን ጥሎ የሚሄደውን ተጫዋች ከኋላው የሚጠራ ድምፅ ላስገባ አልሁ። አባባን ሐይቁ ዳር ወሰድኋቸውና ስልኬን ደግኜ፣ ልጅ ታንኳውን ጥሎ ሲሄድ እንደሚጮኹት ይጩኹ አልኋቸው። ሳይመርቁህ ከሄድህ ወዲህ ስምህ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፤ ሲብስ «ያ ልጅ» ነው የሚሉህ። ምን ብለው እንደጮኹ ታውቃለህ? «ሱሌማን! አንተ ሱሌማን! ታንኳዋን አውጣት እንጂ!» ራሳቸውም ደነገጡ። ይድገሙልኝ ብላቸው «ይበቃል» ብለው መቅዘፊያቸውን አንሥተው ሄዱ።

እንዳለ ላክሁት። ሰውዬው ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? ድምፁ ግሩም ነው፣ ስሙ ግን ይቆረጥ፤ ተጫዋቹ ሱሌማን ስላልሆነ ግራ ይጋባል፤ እስከሚመጣው ዓርብ ካልተቆረጠ ታንኳዋ አትገባም። መቁረጡ ለእኔ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ እጄ ነው እምቢ ያለው። አባባ በየማለዳው «ገባች?» ይሉኛል፤ ምን ብዬ ልመልስላቸው? በሰውዬውም፣ በእሳቸውም ተናድጃለሁ። ከሁሉ የባሰው ግን በአንተ ነው። ታንኳ ጥሎ መሄድ የለመድኸው ገና በልጅነትህ ነው።

እማማ ሰላም ብላሃለች፤ ሳትበላ እንዳትውል ብላለች። ታናሻችን ሰሊማ ናፍቃሃለች፤ ቁመቷ እኔን ሊያልፍ ነው። አባባ ሰላምታ አልላኩም፤ አልዋሽህም። ደውልላቸው። ስልኩን አንሥተው አንድ ጊዜ «ሱሌማን» ይበሉህ እንጂ፣ በዚያው ሰዓት ስሙን ከጌሙ እቆርጠዋለሁ። አሁን ግን አባባ ስምህን የሚጠሩት እዚያ ብቻ ነው።

እህትህ ሙኒራ
ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.