ከማጅራታቸው የወረደው ካምሻፍት፦ የአቶ ጌጡ ይሥሐቅ የሕይወት ታሪክ

አቶ ጌጡ ይሥሐቅ ከአባታቸው ከአቶ ይሥሐቅ ወሰኔና ከእናታቸው ከወይዘሮ የትምወርቅ ዘነበ፣ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ማማ ምድር፣ ከሞላሌ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን የመዘገበ ሰው የለም። በጋራ የሚጠበቀው የጓሳ መሬት ለሣር አጨዳ በተከፈተ ሰሞን መሆኑን ግን እናታቸው በሕይወት እስከነበሩ ድረስ ሲመሰክሩ ኖረዋል።

እስከ ስምንተኛ ክፍል በሞላሌ ተምረው በ1966 ዓ.ም. ለባሕር ኃይል ተመለመሉ። ያን ጊዜ ከወንዝ የሰፋ ውሃ አይተው አያውቁም ነበር። ዋናም አይችሉም፤ እስከ መጨረሻውም አልቻሉም።

በምጽዋ በሞተር ጥገና ሠልጥነው በፈጣን የጥበቃ ጀልባዎች ላይ ለአሥራ አምስት ዓመታት አገለገሉ። ስማቸው የተነሣው በካምሻፍት ምርጫ ነው። ካምሻፍት የሞተርን ቫልቮች እየከፈተ የሚዘጋ፣ ጉብታ ጉብታ ያለው ዘንግ ነው። ጉብታው ከፍና ሰፋ ሲል ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ጉልበት ያገኛል፤ በዝቅተኛ ዙር ግን ይደክማል። የትኛው ካምሻፍት ቫልቩን ከሚመልሰው ከየትኛው ሞላ ጋር እንደሚስማማ አቶ ጌጡ ሞተሩን አዳምጠው ይናገሩ ነበር። “መኪና ቁልቁለት ሲያገኝ ያርፋል፤ ጀልባ ግን ዕድሜ ልኳን ዳገት ላይ ናት” ይሉ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ከወይዘሮ ተናኘወርቅ አየለ ጋር ተጋብተው ጽዮንንና ዮፍታሄን ወለዱ። በ1982 ዓ.ም. ምጽዋን ለቀው ባሕር ዳር ገቡና በጣና ሐይቅ ላይ የጀልባ ሞተር መጠገን ጀመሩ።

የሚቀጥለውን እኔ ጸሐፊው፣ የእህታቸው የወይዘሮ ዓለሚቱ ልጅ ምስክር፣ ልዘለው ፈልጌ ነበር። እንዳይዘለል ያዘዙት ራሳቸው አቶ ጌጡ ናቸው።

በ1986 ዓ.ም. አንድ የጀልባ ባለቤት ፍጥነት ስለ ፈለገ፣ አቶ ጌጡ በምጽዋ የለመዱትን ባለ ትልቅ ጉብታ ካምሻፍት ገጠሙለት። ጀልባዋ በረረች፤ ሁሉም አደነቀ። ነገር ግን ምጽዋ በባሕር ጠለል ላይ ናት፤ ጣና ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ሞተሩም በዝግታ ሲሄድ ይበልጥ ይደክማል። የመንዝ ሰው ሆነው ከፍታን ረሱ። በኅዳር ወር፣ ነፋስ በበረታበት ከሰዓት፣ ጀልባዋ ወደ ዳር ለመጠጋት ስትዘገይ ሞተሩ ጠፋ። ነፋሱም ወደ ድንጋዩ ገፋት። ነጂው አቶ አፈወርቅ በላይነህ ተሳፋሪዎቹን ለማዳን በእግራቸው ድንጋዩን ሊገፉ ሞከሩ። አሥራ ሦስቱም ተሳፋሪዎች በሰላም ወረዱ፤ አቶ አፈወርቅ ግን ቀኝ እግራቸው በጀልባዋና በድንጋዩ መካከል ተጨፍልቆ እስከ ዛሬ ያነክሳሉ።

አቶ ጌጡ ካምሻፍቱን ፈተው በጆንያ ጠቅልለው፣ የተጎዳውን ሰው ዓይን ማየት ፈርተው፣ ይቅርታ ሳይጠይቁ ወደ ሞላሌ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ እዚህና በዘመሮ ከተማ የእህል ወፍጮ ሞተር ሲጠግኑ ኖሩ። ከዝዋይና ከአርባ ምንጭ ሳይቀር ባለ ጀልባዎች ምክር ፍለጋ ይደውሉላቸው ነበር። እነሱ የሚያወሩት ስለ ፍጥነት ነው፤ እሳቸው ግን የሐይቁን ከፍታና የጭነቱን ልክ ከጠየቁ በኋላ “ዳር ስትደርስ እንዴት ነው የምትቆመው?” ይሉ ነበር። ይህ ሳይመለስላቸው የአንድ ሞላ ስም እንኳ አይናገሩም።

የንስሐ አባታቸው መምሬ ገብረ አማኑኤል ሄደው እንዲታረቁ በየዓመቱ ይመክሯቸዋል። እሳቸውም በየዓመቱ “ለከርሞ” ይላሉ። ግትር ነበሩ፤ በእሳቸው ያልተገሠጸ የቤተሰብ አባል የለምና ማንም አይቀየመኝም። እስኪታረቁ ድረስ ሥጋ ወደሙን ሳይቀበሉ ሠላሳ አንድ ዓመት አለፈ። በጉበት ሕመም አልጋ ሲይዙ የሚያስጨንቃቸው ሞቱ ሳይሆን ይህ ዕዳ ነበር። ልጃቸው ጽዮን ስልክ አፈላልጋ አቶ አፈወርቅን አገኘች።

በጥር 2017 ዓ.ም. አቶ አፈወርቅ በምርኩዝ ሞላሌ ገቡ። በአገራችን ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ይጎነበሳል። አቶ ጌጡ ግን ከአልጋ ወርደው፣ ካምሻፍቱን ከጆንያው አውጥተው ማጅራታቸው ላይ አድርገው ተጎነበሱ። አቶ አፈወርቅ ወዲያው ብረቱን በሁለት እጃቸው አነሡላቸው።

“ጌጡ፣ ሞተሩ ዝግታ እንደማይወድ እኔም ከመጀመሪያው ቀን አውቄ ነበር” አሉ። “ብነግርህ ትለውጠዋለህ ብዬ ዝም አልኩ። ፍጥነቷን ወድጄው ነበር።”

ሁለቱም አለቀሱ፤ ከዚያም ሳቁ። መምሬም እግዚአብሔር ይፍታችሁ አሉ። ያን ሌሊት ወይዘሮ ተናኘወርቅ ባለቤታቸው እስከ ጠዋት ሳይነቁ ሲተኙ ከባሕር ዳር ከተመለሱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። እኛም እፎይ አልን። ለትንሣኤ በሰው ተደግፈው ቆረቡ።

አቶ ጌጡ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ተናኘወርቅን፣ ሁለት ልጆች፣ አራት የልጅ ልጆችና እህታቸውን ወይዘሮ ዓለሚቱን ትተዋል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ አንድ ስም እንዲጨመር ራሳቸው አዘዋል፤ ወንድማቸው አቶ አፈወርቅ በላይነህ። ዛሬ ጠዋት አስከሬናቸው ከቤት ሲወጣ የቃሬዛውን የፊተኛ ቀኝ ጫፍ ማንም እንዳይነካባቸው ብለው የያዙት እሳቸው ናቸው። ስለሚያነክሱ ሁላችንም በእሳቸው እርምጃ ቀስ ብለን መጣን።

አምላከ ቅዱሳን ነፍሳቸውን ነፋስ ከማይደርስበት ዳር ያሳርፍልን። አሜን።