የማይሰክር ሰው ልጅ

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ከሥራ በኋላ ከእምሩና ከኤደን ጋር ቢራ። ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ነው የምንሠራው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንወጣለን። ኤደን አንዱን ሳትጨርስ ዓይኗ ፈዘዘ። እኔ... ምንም። እንደ ውኃ። እምሩ “አንቺ እኮ ብረት ነሽ” አለኝ። ደስ አለኝ። ለምን ደስ ይለኛል?

ቤት ገብቼም ጨመርኩ። ብቻዬን።

ጥቅምት 11

ጨጓራዬ እንቅልፍ ነሳኝ። ነገ ሐኪም ቤት።

ጥቅምት 12

ሥላሴ አካባቢ ያለው ክሊኒክ። ዶክተር ጎይቶም፣ ሽማግሌ ናቸው። ስለ መጠጥ ጠየቁኝ። “ብዙ ጠጥቼም አይሰማኝም” አልኳቸው። ኮራ ብዬ። አልሳቁም።

“ከቤተሰብ እንዳንቺ ያለ አለ?”

“አባቴ። ሰክሮ አያውቅም።”

“አሁን በሕይወት አለ?”

“በጉበት ሞተ።”

ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከዚያ አስረዱኝ... አንጎል ለአልኮል የሚሰጠው መልስ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ከፊሉ በዘር የሚመጣ ነው። የኤደን ቶሎ “ይበቃሻል” ይላታል። የኔ ዝም። ዝም ሲል እጨምራለሁ፣ ስጨምር ይለምዳል። ጉበት ግን ሁሉንም ይቀበላል። ለሱስ ይበልጥ የሚጋለጡት እንደኔ ያሉት ናቸው አሉ።

“ታዲያ አበቃልኝ?”

“አይደለም። ዘረመል ብቻውን አይወስንም። አንቺ ግን ሰውነትሽ እስኪነግርሽ አትጠብቂ።”

ጥቅምት 13

እማዬን ጠየቅኳት። አባዬ ስንት ይጠጣ ነበር?

“ውቤ በረሃ የሰከረውን ሁሉ ደግፎ ቤቱ የሚያደርሰው አባትሽ ነበር” አለች፤ ሁሌ እንደምትለው። ከዚያ ድምጿ ወረደ። “ቢሰክርማ እቆጣው ነበር። ምን ብዬ ልቆጣው? ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ራቱን ይበላል፣ ይተኛል...”

ቀና ብላ አየችኝ፦ “አንቺንም መጠጥ አይጥልሽም?”

ተነስቼ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ።

ጥቅምት 20

አልጠጣሁም። ከባድ ነው። ይህን ያህል ይከብደኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

አብሬያቸው ወጣሁ። አምቦ ውኃ አዘዝኩ። እምሩ ሳቀብኝ።

“አንቺን ደግሞ ምን ሊያደርግሽ?”

“ምንም አያደርገኝም። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።”

ሳቁን ተወው። ሌላ አልጠየቀኝም። አማረኝ ወይ? አዎ፣ አሁንም እያማረኝ ነው።

በሩን እማዬ ከፈተችልኝ። ከሌላው ቀን ጠጋ ብላ ሳመችኝ፣ ቆየት አለች። ትንፋሼን ልታሸት እንደሆነ ገባኝ።

ፊቴን አላዞርኩም።