የአራተኛው የውሃ በር ጠባቂ ስለፈጸማቸው በደሎች

ለክቡር አቶ ግሬሃም ስታድሊ
የስዋሎው ወንዝ የውሃ በሮች አስተዳደር ዋና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በየበሩ ያቆሟቸው ካሜራዎችም በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔና ባለቤቴ ሩፐርት ላለፉት ሠላሳ አንድ በጋዎች በትንሿ ጀልባችን ይህን ወንዝ ስንወጣና ስንወርድ የኖርን ጡረተኞች ነን። ዘንድሮ ጽሕፈት ቤትዎ የአራተኛውን በር ጠባቂ አቶ ኦርቪል ፔንሃልን አሰናብቶ በምትኩ ካሜራና ድምፅ ማጉያ በመትከሉ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ እወዳለሁ። ሰውየው በእኛ ላይ ያደረሰውን ሁሉ ቀደም ብለው ቢያውቁ ኖሮ ይህን ያህል ዓመት ባልታገሡት ነበርና፣ በደሎቹን እንደሚከተለው እዘረዝራለሁ።

፩ኛ. ይጮኻል። የዛሬ ሰባት ዓመት ጀልባችን ወደ ታችኛው ወንዝ ለመውረድ በበሩ ሁለት መዝጊያዎች መካከል ወዳለው የግንብ ገንዳ ገብታ፣ ገመዷ ከግድግዳው ብረት ላይ እንደዞረ የገንዳው ውሃ መውረድ ጀመረ። በዚህን ጊዜ ገመድ በእጅ ተይዞ ቀስ እየተባለ ይለቀቃል እንጂ እንደማይታሰር በዚህ ወንዝ ላይ የማያውቅ የለም። ሩፐርት ግን በቋጠሮው የሚኮራ ሰው ነውና አጥብቆ አሰረው። ውሃው ወረደ፤ ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ከግድግዳው ላይ ተንጠልጥላ ቀረች፤ ዋና የማልችለው እኔም የኬክ ሰሃኔን እንዳቀፍኩ ወደ ውሃው መንሸራተት ጀመርኩ። አቶ ኦርቪል ሦስት ጀልባ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «ልቀቀው! ልቀቀው አንተ ደረቅ ሽማግሌ! ሚስትህን ልታሰምጣት ነው እንዴ?» ብሎ ባለቤቴን አዋረደው። ከእርስዎ ድምፅ ማጉያ እንዲህ ያለ ብልግና ወጥቶ አያውቅም።

፪ኛ. ንብረት ያወድማል። በዚያው ቅጽበት የውሃውን መውጫ ዘግቶ፣ በግድግዳው የብረት መሰላል ወርዶ፣ ከኪሱ ባወጣት ሰንጢ አዲሱን ገመዳችንን ቆረጠው። ፈቃዳችንን አልጠየቀም፤ ቅጽ አላስሞላንም። ጀልባዋ ዘፍ ብላ ውሃው ላይ አረፈች፤ እኔም ከነሰሃኔ ተረፍኩ። ከኬኮቹ ሁለቱ ሰምጠዋል፤ ስለ እነርሱ እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቀኝ የለም።

፫ኛ. በሰው የግል ጉዳይ ይገባል። ከሦስት ዓመት ወዲህ ሩፐርት መርሳት ጀምሯል። ለጎረቤት እንኳ አልተናገርኩም፤ አቶ ኦርቪል ግን ማንም ሳይነግረው ደረሰበት። ከዚያ ወዲህ በገባን ቁጥር የበሩን መዘውር ትቶ ከግድግዳው አናት ላይ ይንበረከክና፣ «ሩፐርት፣ ኦርቪል ነኝ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ገመዷ በእጅህ ትሁን፣ እሺ ወንድሜ?» ይለዋል። ሩፐርትም «ደግሞ አንተ ብሎ አስተማሪ!» ብሎ ይስቅና በእጁ ይይዛታል። ውሃው ወርዶ እስኪያልቅ ድረስ ጠባቂው ዓይኑን ከባለቤቴ እጅ ላይ አያነሳም ነበር። ይህ በሥራ መዘርዝሩ ውስጥ እንደሌለ አጣርቻለሁ።

፬ኛ. አራተኛ በደል ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ስለዚህ ቦታውን ላዲሱ አሠራርዎ እለቅቃለሁ። በሰኔ የመጀመሪያ ቅዳሜ ገባን። ድምፅ ማጉያው እጅግ በሚያምር ድምፅ፣ «ውድ ተጓዥ፣ እባክዎ ገመድዎን በእጅዎ ይያዙ» አለ። ሩፐርት ቀና ብሎ ግድግዳውን ቢያይ ሰው የለም። «ማነው የሚያወራው? ኦርቪልስ የታለ?» አለኝ። እኔ መልስ ስፈልግ የእሱ እጅ ደግሞ የለመደውን ቋጠሮ እየቋጠረ ነበር። በሩ ሳይዘጋ አየሁት፤ በጥፍሬም በጥርሴም ፈታሁትና ወደ ኋላ ተመለስን። ስንወጣ ድምፅ ማጉያው ስለጎበኘነው አመሰገነን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጀልባችን ከቤታችን ፊት ለፊት ወንዙ ዳር እንደታሰረች ናት። ሩፐርት በየማለዳው የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ለብሶ ይገባባትና፣ «ሜቪስ፣ ነይ እንጂ፣ ረፈደ!» እያለ ይጠራኛል። በዚህ ወር የልጃችንን ስም ረስቷል፤ የጀልባዋን ግን ገና አልረሳም። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ይህችን ያለ ፌዝ ነው የምጽፍልዎ። የወንዙ በሮች በጥቅምት ለብርዱ ወራት ይዘጋሉ፤ ለከርሞ ምን እንደሚያስታውስ አላውቅም። ከዚያ በፊት ለአራተኛው በር ሰው ይመልሱለት።

ትዕግሥትዎ እንደ ካሜራዎችዎ ዓይን ሳይከደን እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር ከታች ስሜን አኖራለሁ፤

ዋና የማትችለው ታዛዥዎ
ሜቪስ ቲንድል

ድኅረ ጽሑፍ፦ አቶ ኦርቪል በተሰናበተበት ቀን ያችን ሰንጢ አምጥቶ፣ «እዚያ በር ላይ ሰው እስኪመጣ ድረስ ካንቺ አትለይ» ብሎ ሰጥቶኝ ነበር። እኔ ጣቶቼን ቁርጥማት ስለያዘኝ ልከፍታት አልቻልኩም። ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። እባክዎ ለካሜራው ይስጡልኝ።