እሑድ አራት ሰዓት ላይ የሚወጣ

ሰኞ፣ ጥር 20

ሀና እንዳትሰማ! ዛሬ ፋብሪካው ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ወደ ጥግ እየወሰደ ይቺኑ ነገረኝ። ኧረ እኔ ምን ቤት ነኝ የማሰማት?

ነገሩ እንዲህ ነው። የሀና አባት ጋሽ ታደሰ ካረፉ ሁለት ሳምንት ሊሆናቸው ነው። ወልድያ ትልቁ ልጃቸው ዘንድ ሳሉ ነው፤ እዚያው ተቀበሩ። ሀና ግን አራስ ናት። ወተቷ ይደርቃል፣ ትታመማለች ብለው ቤተሰቡ ደበቋት። "አባትሽ ጠበል ገብተዋል፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም" ተባለች። ቅዳሜ የልጇ ክርስትና ነው፣ አርባ ቀኑ። እሑድ ገና ሳይነጋ ሽማግሌዎች ሱሉልታ ቤቷ ገብተው መርዶውን ይነግሯታል።

ጋሽ ታደሰ እዚህ ሰበታ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካችን ውስጥ፣ ጡረታ እስኪወጡ ማሽን ሲያስተካክሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሀናም እዚሁ ሽያጭ ክፍል ነች፣ ወንበራችን ጎን ለጎን ነው። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ባለሙያዎች በሚገናኙበት የኢንተርኔት መድረክ ባለን ገጽ ላይ የሐዘን መግለጫ ይውጣ አሉ። ገጹ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። የሰው ኃይል ኃላፊያችን ኦቦ ገመቹ በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ፦ "እሑድ ጥር 26፣ ጠዋት አራት ሰዓት።" በቃል ደግሞ "ከዚያ በፊት ከወጣ ወዮልሽ" አሉኝ።

እሑድ እኔም ለቅሶ ቤት ነኝ። ቀጠሮ አስይዤለት እሄዳለሁ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ይወጣል። ድሮ በየዕለቱ በእጄ ነበር የማወጣው። ከዚህ ወር ጀምሮ ግን ሥራ አስኪያጁ "የወሩን አንዴ ደርድሪና ተገላገይ" ብለውኛል። መቼ ተገላገልኩ!

ማክሰኞ፣ ጥር 21

ግማሽ ቀን ዕቃ ግምጃ ቤት አቧራ ስቅም ዋልኩ። ፎቶ ፍለጋ። ሦስት ካርቶን ሙሉ የድሮ ፎቶ አለ፤ ሁሉም ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን ነው። መጨረሻ ላይ አንዲት ፖስታ ውስጥ አገኘኋቸው። ሰማያዊ ቱታ ለብሰው፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ ሰክተው፣ ማሽኑን ተደግፈው ይስቃሉ። እንዲህ ጥርስ እስኪቆጠር ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፤ እኔ የማውቃቸው ቁጡ ሽማግሌ ሆነው ነው። በስልኬ አንስቼ ፖስታዋን ወደ ካርቶኑ መለስኳት።

ጽሑፉን ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። አንዱ ማስታወቂያ ይመስላል፣ አንዱ ስብከት። ሦስተኛው ደህና ነው። ኦቦ ገመቹ ጽሑፉን አንብበው ፈረሙልኝ። ፎቶውን ላሳያቸው ስል ስብሰባ ተጠሩ።

ከዚያ ፎቶውን ከጽሑፉ ጋር አያይዤ ቀጠሮውን ያዝኩ። ገጹ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ብቻ ነው። አምና ሥራ ስጀምር ኮምፒውተሬ ላይ የለጠፍኳት ቢጫ ወረቀት አለች፦ "ጥር ሲደመር 8"። ሃያ ስድስት ሲደመር ስምንት ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ አንዱን ስቀንስ ፌብሩዋሪ 3። ሰዓቱን ደጋግሜ አየሁት፤ የእኛ አራት ሰዓት የእነሱ አሥር ነው። ሰዓት ላይ ተሳስቼ አላውቅም። ይኼን በኩራት ነው የምጽፈው።

ረቡዕ፣ ጥር 22

የነገው የእሳት አደጋ ሥልጠና ማስታወቂያ ዛሬ ወጣ። "ዛሬ ጠዋት ሠራተኞቻችን ሠለጠኑ" ይላል። ማን ሠለጠነ? ማጥፊያዎቹ ራሳቸው ገና አልመጡም። ሥራ አስኪያጁ ደውለው "ነቢይ ሆንሽብን እኮ" አሉ። አፈርኩ። ቀኑን ስነካ ጣቴ ስቶ ይሆናል ብዬ አነሳሁት።

ከማንሳቴ በፊት የመጀመሪያዋ ላይክ የማን ነበረች? የሀና። "በርቱ!" ብላ ጽፋበታለች። ይቺ ልጅ አራስ ቤት ተኝታም ገጻችን ላይ የወጣ አንድ ነገር አያመልጣትም።

ከሰዓት ደወለችልኝ። ቅዳሜ ብትቀሪ ዓይንሽን አላይም አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ስሚ፣ ጠበል ስንት ቀን ነው የሚገቡት?" አለች።

"እኔ እንጃ፣ ሃያ አንድ ይሉ የለ?" አልኩ። ሞት ይርሳኝና፣ ምላሴ ሳይያዝ ዋሸሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 23

ከቤቴ ከቡራዩ ሰበታ ሦስት ታክሲ። ሲመለሱም ሦስት። ሰልፍ ላይ ቆሜ ያብሰለሰልኩት፦
የሀና ጥያቄ።
ለክርስትና ምን ልልበስ? ለማግስቱ ለቅሶ የሚሆን ጥቁርም መያዝ አለብኝ፤ ከቦርሳው ሥር ይደበቅ።
የእሑዱን ቀጠሮ አንዴ ከፍቼ ልየው? ልየው ስል የሥራ አስኪያጁ ሪፖርት መጣ።

ዓርብ፣ ጥር 24

ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብድግ። ለልጁ ነጭ ሹራብ ገዛሁ። የቢሮው ስልክ እንደተለመደው ለቅዳሜና እሑድ ኦቦ ገመቹ ጋ ሄደ። እሳቸውም ነገ ሱሉልታ ናቸው። ክርስትናውም ላይ መርዶውም ላይ አሉበት። "አንድ ቀን እየሳቅኩ በልቼ በማግስቱ ላረዳት" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። አሳዘኑኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 25

ተራ በተራ ልጻፈው።

ጠዋት ከአስኮ በዊንጌት ዞሬ የሱሉልታ ታክሲ ያዝኩ። አጠገቤ አንዲት እናት ተቀመጡ። የሐኪም ቀጠሮ ካርዳቸውን አውጥተው "እስቲ አንብቢልኝ ልጄ፣ በፈረንጅ ነው የጻፉት" አሉኝ። ፌብሩዋሪ 5 ይላል። እኔ አዋቂዋ "ማክሰኞ ነው እማማ፣ ጥር 28" አልኳቸው።

"ሐኪሙ ሰኞ ነው ያለኝ።"

"አይ፣ ተሳስቶ ነው።"

"እሱ አልተሳሳተም። ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት ሆና የለ እንዴ? ገናስ በ28 አልዋለም? አንድ ቀን ይገፋል እኮ፣ የኔ ልጅ።"

ስልኬን ከፈትኩ። ፌብሩዋሪ 5 ሰኞ ነው። ፌብሩዋሪ 3 ደግሞ... ዛሬ! ቅዳሜ! ቢጫዋ ወረቀት የአምና ናት፤ ዘንድሮ ልዩነቱ ዘጠኝ ነው። የረቡዕ ማስታወቂያም ለካ ለዚህ ነው! የጋሽ ታደሰ ሐዘን መግለጫ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ፣ በልጅ ልጃቸው ክርስትና መሐል ሊወጣ ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ተኩል ሊሆን አምስት ጉዳይ።

አፈር በበላሁ! ገጹን በስልኬ ልክፈት ብል በኮምፒውተር እንጂ በስልክ ገብቼ ስለማላውቅ የማረጋገጫ ቁጥር ጠየቀኝ። ቁጥሩ የሚላከው ወደ ቢሮው ስልክ ነው። ኦቦ ገመቹ ጋ ደወልኩ፤ ዝግ። በግል ስልካቸው ደወልኩ፤ እሱም ዝግ። ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ አጥፍተውታል። ታክሲው ደግሞ ዳገቱ ላይ ድንጋይ የጫነ መኪና ኋላ ተለጥፎ ይጎተታል። "ሹፌር፣ በእመቤቴ፣ ፍጠንልኝ!" ብዬ ጮህኩ። "እኅቴ፣ ልብረር?" አለኝ። እኚያ እናት ክንዴን ይዘው "ምን ሆንሽብኝ?" ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

ሱሉልታ ስደርስ አራት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ። ከዋናው መንገድ እስከ ሀና ቤት ሮጥኩ፣ ጫማዬን አውልቄ። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ድንኳኑ ሞልቷል፣ እልልታው ቀልጧል። ኦቦ ገመቹ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል።

"ኦቦ ገመቹ፣ የቢሮውን ስልክ ይስጡኝ፣ አሁኑኑ!"

"አካም ጂርቱ ሳትይ? ሰላምታም የለ?" ብለው ሊቀልዱ ነበር፤ ፊቴን ሲያዩ ተዉት። ስልኩን ከካፖርታቸው አወጡ። ጠፍቷል። ለመነሳት ስንት ዘመን እንደፈጀ እግዜር ይወቀው። መነጽር ስላልያዙ ቁጥሩን እኔ አነበብኩት። ገጹ ሲከፈትልኝ ጋሽ ታደሰ ወጥተው እየሳቁ ነው። አጠፋኋቸው። አራት ሰዓት ከስድስት።

ስድስት ደቂቃ። ከመጥፋቱ በፊት ያየው ሰው ብዛት ዐሥራ አንድ ይል ነበር። ማን ማን እንደሆነ አይናገርም። ላይክ ያደረገ የለም። የሀና ላይክ የለም! እሷ ብታየው መጀመሪያ የምትነካው እሷ ናት ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ለኦቦ ገመቹ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ "ሂን ያዲን፣ አታስቢ" ብለው ወንበር ሰጡኝ።

ሀና ከጓዳ የወጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ርቦት ሳጠባው ነበር አለች። አገላብጣ ሳመችኝና "ምነው፣ በባዶ እግርሽ?" ብላ ሳቀች። ስትስቅ ነው የዋለችው። ዳቦ ቆረሰች፣ እንግዳ አስተናገደች፣ ፎቶ ተነሣች። ዓይኔን ከእሷ አልነቀልኩም። አላየችውም። አላየችውም መሰለኝ። ተመስገን።

እሑድ፣ ጥር 26

እዚያው ከባሏ ከዳዊት እናት ጋር አደርኩ። ገና ሳይነጋ ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ኦቦ ገመቹ ከፊት። በሩን ሊያንኳኩ ሲሉ ሀና ራሷ ከፈተችው። ለብሳ ነበር። ልጁን አስቀድማ ለዳዊት እናት አስይዛው ነበር። ሰዉ ሁሉ በዚያ ሰዓት ቤቷ ሲገባ ማን ሞተ ብላ አልጠየቀችም።

ከዚያ ጮኸች። እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። አብሬ ጮህኩ፤ ለጋሽ ታደሰ ይሁን ለራሴ ኃጢአት አላውቅም።

አራት ሰዓት ላይ ኦቦ ገመቹ "በይ አሁን አውጪው" አሉኝ። እጄ እምቢ አለኝ። ነገ ይወጣል አልኳቸው።

አንድ ነገር ያሳስበኛል። በሩን ለምን ራሷ ከፈተች?

ሰኞ፣ ጥር 27

ለቅሶ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ፊቷ አብጦ። ሊያጽናኗት የመጡት ወጣ ሲሉ በእጇ ጠራችኝ። አጠገቧ ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ።

"አንድ ነገር ታደርጊልኛለሽ?" አለችኝ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ። "ያቺን ፎቶ ትልቅ አድርገሽ አሳጥቢልኝ። አባዬ በሰማያዊ ቱታ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ የሚስቅባትን። ቤታችን እንደሷ ያለች የለችም።"

ያቺን ፎቶ ለማንም አላሳየሁም፤ መግለጫውንም ዛሬ ገና አላወጣሁትም። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እጄን ጨበጥ አደረገችው፣ ተይው እንደማለት።

"ልጄን እያጠባሁ ነበር" አለች። "ሰው ሞልቶ፣ ቄሱ ተቀምጠው፣ ምን ላድርግ? ቀኑ የሱ ነው ብዬ ዋጥኩት።" ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገችና፣ "ብቻ ጠግቤ ሳላየው ጠፋብኝ" አለች።

እሺ አልኳት። ነገ በጠዋት ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቼ ፖስታዋን አወጣለሁ። ግድግዳ የምታህል አድርጌ አሳጥባታለሁ።